ጅዳ ወንድም አለው

በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ለሚማር የማስተርስ ተማሪ የገንዘብ ድጋፍ የለም የሚል ሰው ስም አጥፊ ነው። ድጋፍማ ሞልቷል። ጅዳ የሚሠራ ታላቅ ወንድም አለ፣ የእጇን ወርቅ የሸጠች እናት አለች፣ ኦምዱርማን ታክሲ የሚነዳ አጎት አለ። ለአነስተኛ ወጪ ደግሞ ከግቢው ውጭ ጀበናዋን ጥዳ በዱቤ የምታጠጣ የኛው አገር ልጅ ነበረች። ይህ ፈንድ ማመልከቻ አያስሞላም፣ ገምጋሚ ኮሚቴም የለውም። የሚጠይቀው ሪፖርት አንድ ብቻ ነበር፦ «ታዲያ መቼ ትጨርሳለህ?»

ዩኒቨርሲቲውም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የትምህርት ክፍያውን ይቀበላል።

ድሮ ሞኝነት ነበር። እንግሊዛዊው ጄኔራል ኪችነር ለጄኔራል ጎርደን መታሰቢያ ያቋቋመው ኮሌጅ በ1902 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ በነፃነት ዓመት በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሲባል፣ ተማሪ በነፃ ይበላ ነበር፤ ከእንግሊዝ ወታደር በተወረሰው «በረክስ» በሚሉት ሰፈር በነፃ ይተኛ ነበር። የጠገበ ተማሪ ደግሞ ማሰብ ያበዛል። በኦክቶበር 1964 ሲያስብ ሲያስብ ወታደራዊ ገዥውን ጄኔራል አቡድን የሚያወርድ አመፅ ለኮሰ። በ1989 በመፈንቅለ መንግሥት የመጡት ግን ብልሆች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲውን በየክፍለ ሀገሩ አበዙት፣ ሳህኑን ሰበሰቡት። ስሙንም «የከፍተኛ ትምህርት አብዮት» አሉት። ተማሪውም የፉል መረቅ ዳቦ ላይ አፍስሶ «ቡሽ» የሚባለውን እየበላ አብዮቱን ተቀላቀለ። (አራት ኪሎ የተማረ አንባቢ ፈገግ እንዳይል፤ የማወራው ስለ ካርቱም ነው።)

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የኬሚስትሪ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም። ከጣና የወረደው ወንዝ በግቢው አጠገብ ይፈሳል፤ መብራት ከጠፋ ግን ቤተ ሙከራው የተጣራ ውሃ አያገኝም ነበር። ይህ ለሳይንስ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ፍሪዘሩ ቀልጦ ናሙናው የተበላሸበት ተማሪ ሙከራውን ከሀ ይጀምር ነበር፤ ውጤትን ደግሞ ደጋግሞ ማረጋገጥ የሳይንስ ሕግ ነው።

በፌብሩዋሪ 2021 መንግሥት የአንድ ዶላርን ዋጋ በአንድ ጊዜ ከ55 ወደ 375 የሱዳን ጊኔ ሲያደርሰው፣ ከውጭ የሚገባ ኬሚካል ዋጋው የት እንደሚደርስ ለማስላት የሂሳብ ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። ኢኮኖሚስቶቹ «ማስተካከያ» አሉት። እውነትም አስተካክሏል፦ መምህሩንና ተማሪውን እኩል አድርጓቸዋል። በማግስቱ ዓመት መምህራኑ ለደመወዝ ሥራ ሲያቆሙ፣ ተማሪው ምን ያቁም? የሚቆም ደመወዝ የለውም። ሪያል የሚልከው ወንድም ብቻ ማዕረጉ ከፍ አለ፤ በዚያ ምንዛሪ እሱ ከሚኒስትር አይተናነስም።

ከዚያ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም መሃል ፈነዳ። ተማሪዎች ግቢው ውስጥ ለቀናት መውጫ አጡ። ሶባ ያለው፣ በዓለም የታወቀው የዩኒቨርሲቲው የማይሴቶማ በሽታ ምርምር ማዕከል የ40 ዓመት ናሙናና መረጃውን ይዞ ወደመ። ያን ሁሉ ዘመን ፍሪዘር ሲጠብቅ የኖረ ተማሪ ዛሬ ካይሮ ነው።

ጅዳ ያለው ወንድም አሁንም ይልካል። ሪፖርት መጠየቁን ግን ትቷል፤ ገንዘቡ አሁን የቤት ኪራይ ነው።