የ21 ቀን እናት

ባለፈው ክረምት 48 ልጆች ለማሳደግ ተነሥቼ ነበር። ሁሉም እንቁላል ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው በቅናት ነው። እኛ የምንኖረው ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። አጥር የሚጋራን ጎረቤቴ የፈረንጅ ዶሮ ያረባል፤ ቦቫንስ ብራውን የሚሏቸውን። ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም እኩል፤ ሰልፍ ላይ የቆሙ ተማሪዎች ይመስላሉ። አንዷ በደንብ ከተያዘች በዓመት ወደ 300 እንቁላል ትጥላለች። የእኔዎቹ ግን የሀበሻ ናቸው። አንዷ ገብስማ፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ባለ ጉትያ፣ አንዷ እባብ ራስ፤ ሁለት የሚመሳሰሉ የሉም። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ብትጥል ነው። ጥላ ጥላ አንድ ቀን ጠዋት ላባዋን ነፍታ ትቀመጥና የቀረባትን ሁሉ ታጉረመርምበታለች። ታቀፈች ማለት ነው። 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን እየመራች ወራት ትዞራለች። እስከዚያ እንቁላል ከሱቅ ነው።

ሂሳብ ሠራሁ። መታቀፉን ማሽን ከወሰደላት እሷ ወደ መጣሏ ትመለሳለች፤ እኔም ዘሯን አበዛለሁ። ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያምር! በሁለት ወር ደመወዜ 48 እንቁላል የሚይዝ የቻይና ኢንኩቤተር ገዛሁ። ባለቤቴ ዙሪያውን አየችውና «ዶሮዋ በነጻ የምትሠራውን ነው የገዛኸው?» ብላ ወደ ማድቤት ሄደች። ሳይንስ ቤት ውስጥ የሚደርስበትን ፈተና ጋሊልዮም ያውቀዋል ብዬ ተጽናናሁ።

ቀጥሎ እንቁላል ፍለጋ ነው። ለመፈልፈያ የሚሆን እንቁላል አውራ ካለበት ቤት የመጣ፣ ያልታጠበ፣ ከተጣለ ከሰባት ቀን ያልበለጠ መሆን አለበት። ገበያ ላይ ያለው ደግሞ ሁሉም «ዛሬ የተጣለ» ነው፤ ጤፍ ውስጥ ተቀብሮ ስንት ሳምንት እንደከረመ የሚያውቀው ጤፉ ብቻ ነው። ስለዚህ በየቤቱ መዞር ጀመርኩ። ሁምቦ መንገድ ላይ አንዲት እናት በር ላይ ቆሜ፣

«እናቴ፣ ቤት ውስጥ አውራ አለ?» አልኳቸው።

«ገበያ ወጥቷል፤ ማታ ይመለሳል። ለምን ፈለግኸው?»

ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

አውራ ለምን እንደሚጠፋ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ረጅም፣ ድርብ ኩክኒ ያለው፣ መልኩ የሚያምር አውራ ገበያ ላይ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ በዓል ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸጠው እሱ ነው። ዘር የሚያስቀረው ማንም ያልገዛው ኮሳሳ ነው። በዚህ ዓይነት ምርጫ ስንት መቶ ዓመት ሄደን የሀበሻ ዶሮ እስካሁን መቆሟ ይገርማል። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 የወለጋውን የሆሮ ዶሮ ይዞ ምርጫውን በተቃራኒው ጀመረ፤ የተሻለው ይቀራል፣ የደከመው ይወጣል። በጥቂት ትውልድ ውስጥ እንቁላሏም ክብደቷም ጨምሯል። እኔም የሶዶ ደብረ ዘይት ልሆን አስቤ ነበር።

ማሽኑ ግን የእኛን እንቁላል አላወቃትም። የመደርደሪያው ቀዳዳ የተሠራው ለፈረንጅ እንቁላል ነው፤ የሀበሻዋ 40 ግራም ገደማ ስለሆነች በአባቱ ጫማ ውስጥ እንደገባ ሕፃን እግር ትንቀዋለላለች። በየጉድጓዱ ጨርቅ ጎዘጎዝኩ። ሙቀቱ 37.5 ሆኖ መቆየት አለበት፤ እርጥበቱ መሀል ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከፍ ያለ። እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጣል፤ የማሽኑ ማገላበጫ በሦስተኛው ቀን ስለቆመ ሌሊት የምነሣው እኔ ሆንኩ። ዶሮ ይህን ሁሉ የምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ነው።

በሰባተኛው ቀን በባትሪ አየኋቸው። 39ኙ ውስጥ ቀይ ክር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል። ዘጠኙ ባዶ ሆነው ለጥብስ ሳይሆን ለአጥር ስር ተመረጡ።

አማቴ ለጥየቃ የመጡት በዚያ ሳምንት ነው። ቀይዋ ዶሮም በዚያው ሳምንት ታቀፈች። አማቴ የሚያውቁትን አደረጉ፦ አንሥተው በሳፋ ውሃ ነከሯት። በማግስቱ ደገሙ። እምቢ ስትል እግሯን አስረው ጥቂት ዘቅዝቀው አንጠለጠሏት። ይህ ባህላዊ ሕክምና ነው፤ መታቀፉን ረስታ ወደ መጣል እንድትመለስ። እኔ በዚያን ሰዓት ቴርሞሜትር ይዤ ማሽኑ ፊት ተንበርክኬአለሁ። አማት ለአማች ፊት ለፊት አይናገርም፤ ስለዚህ የተናገሩት ለዶሮዋ ነው።

«አንቺስ ተነከርሽ። ይህኛውን ማን ይንከርልን?»

መልስ አልነበረኝም። አርስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ የሲራኩስ ሰካራም አለ፤ እንቁላሎቹን ከምንጣፉ ስር ያደርግና እስኪፈለፈሉ ድረስ ሳያቋርጥ ይጠጣ ነበር ይባላል። ከእኔ በፊት የነበረው የሙያ ባልደረባዬ እሱ ነው። ቢያንስ ጠጥቷል።

በ14ኛው ቀን ምሽት ዝናቡ ዳሞታን ሸፍኖ ወረደ፤ የሰፈራችን ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን ሽቦው ላይ ጣለና ጨለማ ሆነ። በዞናችን ጠርዝ፣ ኦሞ ወንዝ ላይ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ጊቤ ሦስት አለ። እኔን የቸገረኝ የአንድ አምፖል ያህል ነው። 36፣ 34፣ 31... ጋቢዬን አለበስኩት፤ በየጠርሙሱ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ዙሪያውን ደረደርኩ። አማቴ በኩራዝ መጡና አንዱን እንቁላል አንሥተው የዓይናቸው ቆብ ላይ አስነኩት። «እየቀዘቀዘ ነው» አሉ። ግብፆች በሺህ የሚቆጠር እንቁላል በጭቃ ምድጃ ሲፈለፍሉ ሙቀቱን የሚለኩት እንዲሁ በዓይን ቆብ እንደነበር ያነበብኩት በኋላ ነው።

ከዚያ ምንም ሳይሉ 13 እንቁላል በነጠላቸው ይዘው ወደ ቀይዋ ሄዱ። ሁለቴ ተነክራ፣ ተዘቅዝቃ፣ ባዶ ጎጆዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ በአንድ በምንቃሯ እየሳበች ከስሯ አስገባቻቸው። መብራቱ የመጣው ሲነጋ ነው።

በ21ኛው ቀን ማሽኑ ውስጥ ከቀሩት 26 እንቁላሎች አሥሩ ተፈለፈሉ። ቀይዋ ከ13ቱ 12 አወጣች።

የማሽኑ ጫጩቶች እናታቸው ጫማዬ ናት። ስሄድ ይከተላሉ፤ ስቆም ይቆማሉ። ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀይዋ አንድ ድምፅ ታሰማለች፤ 12ቱም ክንፏ ስር ይጠፋሉ። እኔ ያንን ድምፅ ብዙ ተለማምጃለሁ፤ የሰማኝ ጎረቤቴ ብቻ ነው። ጭልፊቱ ከእኔዎቹ ሁለት ወሰደ፣ ከእሷ አንድም። የፈረንጇ ዶሮ 300 የምትጥለው መታቀፍ ከዘሯ በምርጫ ስለወጣላት መሆኑን ጎረቤቴ ሲነግረኝ ቀድሞ እንደ ትልቅ ሙያ እሰማው ነበር። አሁን ስሰማው ቀይዋን እመለከታለሁ።

ኢንኩቤተሩ ሥራ አልፈታም። ባለቤቴ ወተት ታረጋበታለች፤ በ37.5 እርጎው ግሩም ይሆናል።

አሁን የቸገረኝ አውራ ነው። በሶዶ ዙሪያ፣ በቦዲቲ፣ በአረካ ያላችሁ፣ ድርብ ኩክኒ ያለው ገብስማ አውራ ካላችሁ ለጊፋታ በዓል ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ቃል በሉኝ። የገበያውን ዋጋ እከፍላለሁ። ግን ቶሎ በሉ፤ ቀይዋ ትናንት እንደገና ተቀምጣለች።