ቶኑን ተወውና ሲጎብጥ አሳየኝ

ዘንግ ሻጭ ስል ምላስ አለው። ገዢው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አፉን ይዞ ይሰማል፣ ካርዱን ያወጣል፣ ሳጥኑን ታቅፎ ይሄዳል። ይህ ዓምድ ዛሬ ለገዢው ይቆማል። አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከ1,000 ዶላር በላይ በሚሸጥበት ዘመን፣ መልስ ሳይቋጥሩ ሱቅ መግባት አይገባም።

«ይሄ እኮ 40 ቶን ካርቦን ነው!» ይልሃል።

«እኔ ዓሣ ላወጣ እንጂ መርከብ ልጎትት አልመጣሁም። ቶኑን ተወውና ሲጎብጥ አሳየኝ» በለው።

ይህን መልስ የምሰጥህ ለሳቅ ብቻ አይደለም። ዘንጉ ላይ የሚጻፈው ቶን የሚያነሳውን ሸክም አይናገርም። የካርቦን ቃጫው ምን ያህል ግትር እንደሆነ የሚለካበት ቁጥር ነው። ሞጁለስ ይሉታል፤ በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር በቶን ይሰላል። ቃጫው አልለጠጥም ብሎ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይነግርሃል፤ ምን ያህል እንደሚችል ግን አይነግርህም። የጃፓኑ ቶሬይ ለቃጫዎቹ ያወጣውን መለኪያ ተመልከት። ቲ700ኤስ የተባለው 230 ጊጋፓስካል ወይም 24 ቶን አካባቢ ሲሆን፣ ከመበጠሱ በፊት 2.1 በመቶ ይለጠጣል። ኤም40ጄ 377 ጊጋፓስካል ነው፤ የሚለጠጠው 1.2 በመቶ ብቻ ነው። ኤም60ጄ 588 ጊጋፓስካል ይደርሳል፣ 60 ቶን ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ 0.7 በመቶ ላይ ይበጠሳል። ቶኑ ባደገ ቁጥር ትዕግሥቱ አጠረ።

«ታዲያ ሰው ለምን ይከፍልበታል?» ካለህ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ስጠው። ግትር ቃጫ በትንሽ መጠን ብዙ ይሠራል። ስለዚህ የዘንጉ ግድግዳ ይሳሳል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከወረወርክ በኋላ ጫፉ ሳይወዛወዝ ቶሎ ቀጥ ይላል፣ ዓሣ ማባበያውን ነካ ሲያደርገውም እጅህ ላይ ይሰማሃል። ከጠዋት እስከ ማታ ለሚወረውር ሰው ይህ የእጅ አንጓ ጤና ነው፤ ገንዘብ ቢወጣበት አይቆጭም። የሚያስቆጣው ቅለትን እየሸጡ «ጥንካሬ ነው» ማለታቸው ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ለማሳደግ የተደከመበት ቃጫም አለ፤ ቶሬይ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲ1100ጂ 324 ጊጋፓስካል ግትርነትን ከትልቅ የመሳብ ጥንካሬ ጋር ያጣመረ ነው። ስለዚህ «ስንት ቶን?» ብለህ አታቁም፤ «የትኛው ቃጫ? ከዘንጉ በየትኛው ክፍል? ምን ያህሉ?» በል። ጫፉ ላይ አንዲት ቁራጭ ከፍተኛ ሞጁለስ አስገብቶ ሙሉውን ዘንግ በእሷ ስም የሚጠራ አምራች አለና።

«ይሄ መቶ በመቶ ካርቦን ነው!»

«ሙጫውን ማን በላው?»

የካርቦን ቃጫ ብቻውን ሲታይ ከሰው ፀጉር በብዙ የቀጠነ ልስልስ ክር ነው፤ ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ማይክሮን ነው። ዘንግ የሚያደርገው ሙጫው ነው። ፋብሪካ የሚገባው ጨርቅ ሙጫ የጠጣ ሲሆን፣ ከክብደቱ ሲሶ የሚሆነው ሙጫ ነው። ሃርዲ የተባለው የእንግሊዝ አምራች ከ3ኤም ጋር ሆኖ ሲንትሪክስ ብሎ ያወጣቸው ዘንጎች ዋና ለውጣቸው ያለው ሙጫው ላይ ነው፤ እጅግ የደቀቀ ሲሊካ ጨመሩበት። ቃጫውን እያሞገሰ ስለ ሙጫው ዝም የሚል ሻጭ ግማሹን ወሬ ኪሱ ውስጥ አስቀርቶታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብላንክ የሚሉት ቀለበት፣ እጀታ፣ የማጠንጠኛ መቀመጫ ያልገባለትን ራቁት ዘንግ ነው። ማንድሬል የሚባል ከግርጌ ወደ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ የብረት ዘንግ ይዘጋጃል። ሙጫ የጠጣው ጨርቅ በልኩ ይቆረጥና ማንድሬሉ ላይ በጫና ይጠቀለላል። ላዩ ላይ ጠበቅ ያለ የፕላስቲክ ጥብጣብ ይዞርበታል፤ ምድጃ ውስጥ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገራል፤ ከዚያ ብረቱ ተስቦ ይወጣል፣ ጥብጣቡም ይላጣል። አንዳንድ ዘንግ ላይ የምታየው የተደረደረ ሸንተረር የጥብጣቡ ዱካ ነው። አሸዋ ወረቀት ያልነካው ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። የንድፉ ጥበብ ሁሉ ያለው በማንድሬሉ አቀጣጠንና በጨርቁ አቆራረጥ ነው። ሁለት ፋብሪካ አንድ ዓይነት ቃጫ ከአንድ ነጋዴ ገዝተው፣ አንዱ የሚያስቀና፣ ሌላው የሚያስለቅስ ዘንግ የሚያወጡት ለዚህ ነው።

«ቀጭን ነው፣ እየው! ግድግዳውም ስስ ነው!»

«ስስ መሆኑን አየሁ፤ ሲጎብጥ ክብ ሆኖ እንደሚቆይ ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ይህ ጥያቄ አዋቂን ካላዋቂ ይለያል። የመጠጥ ስትሮ ብታጎብጥ መጀመሪያ ጠፍጠፍ ይላል፣ ከዚያ በአንድ ቦታ እጥፍ ይላል፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግም አደጋው ይኸው ነው። ዲያሜትር ሲሰፋ ግትርነት በፍጥነት ያድጋል። ግድግዳው ሳይወፍር ዲያሜትሩ እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ሰፋ አድርጎ ግድግዳውን በማሳሳት ክብደት ለመቀነስ ይፈተናል። ነገር ግን ቃጫው ሁሉ በዘንጉ ርዝመት ብቻ ከተኛ፣ ሲጎብጥ ክቡን የሚይዝለት የለም፤ ጠፍጠፍ ይልና ይሰበራል። መድኃኒቱ ሌላ ቃጫ በአግድም ወይም በሰያፍ መጨመር ነው። ሺማኖ የተባለው ዘንግ አምራች ስፓይራል ኤክስ በሚለው አሠራሩ በርዝመት የተኛውን ቃጫ ከውስጥም ከውጭም በተቃራኒ ሰያፍ በዞሩ ንብርብሮች ያቅፈዋል። ሌላው አምራች ዳይዋ ኤክስ45 ብሎ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ካርቦን የሚያስገባው ዘንጉ እንዳይጠመዘዝ ነው። ለውድ ዘንግ የምትከፍለው ገንዘብ ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም በማያየው በውስጠኛው ንብርብር።

«ፈጣን አክሽን ነው!»

«ማንን ሊቀድም ነው? የት ላይ እንደሚጎብጥ ንገረኝ።»

አክሽን የአጎባበጥ ነገር ነው። ፈጣን የሚሉት በላይኛው ሲሶ ብቻ ይጎብጣል፤ መካከለኛው እስከ ግማሽ ይወርዳል፤ ዝግተኛው እስከ እጀታው ድረስ ይሰግዳል። ፓወር ሌላ ነገር ነው፤ ለማጉበጥ የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ፈጣን ሆኖ ደካማ፣ ዝግተኛ ሆኖ ብርቱ ዘንግ አለ። ዘንጉ ላይ «መካከለኛ» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት መለኪያ የለም፤ የአንዱ መካከለኛ የሌላው ከባድ ነው። ይህን ያየው ዶክተር ዊልያም ሃነማን የተባለ አሜሪካዊ በሳንቲም መለካት ጀመረ። ዘንጉን አግድም አስሮ፣ ጫፉ የዘንጉን ርዝመት ሲሶ ያህል እስኪወርድ ድረስ 2.5 ግራም የሚመዝኑ የአሜሪካ ሳንቲሞችን ማንጠልጠል ነው። የሳንቲሙ ብዛት ጉልበቱን፣ ጫፉ የሠራው አንግል አጎባበጡን ይናገራል። አንተም ቤትህ በኩሽና ሚዛን የመዘንከውን ማንኛውንም ክብደት ተጠቅመህ ሁለት ዘንግ ማወዳደር ትችላለህ። የተለጠፈው ስያሜ ከአምራች አምራች ይለዋወጣል፤ ስበት ግን ለሁሉም አንድ ነው።

«ብዙ አትጠይቅ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!»

«ዘንዶም ቢሆን ከመክፈሌ በፊት ይውጣ።»

አንዲት እህታችን ሱቅ ብትገባ ደግሞ «ላንቺ ይሄ ይሻላል፣ ለሴት የሚሆን ቀላል» ሊላት ይችላል። «ዓሣው ሲስብ የያዘው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ አንተም ስለ ዓሣው ጠይቀኝ እንጂ እኔን አትመዝነኝ» ትበለው። ዘንግ የሚመረጠው በዓሣው፣ በማባበያው ክብደት፣ በክሩና በውኃው ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ውኃ ላንሳ፤ ሁለቱንም ያገራችን ሰው ያውቃቸዋልና። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገናችን በጸደይ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ቢቆም፣ ሻድ የሚባለው ዓሣ ከውቅያኖስ ተነሥቶ ለመራባት ሽቅብ ሲወጣ ያገኘዋል። የሻድ አፍ ስስ ነው፤ ዘንጉ ግትር ከሆነ መንጠቆው አፉን ቀዶ ይወጣል። ለዚህ ልስልስ ዘንግ ብትጠይቅ ሻጩ ይስቅብሃል።

«ፋይበርግላስ? የድሮ ዕቃ! ማን ይይዘዋል?»

«አፉ ስስ የሆነ ዓሣ የሚይዝ ይይዘዋል።»

ፋይበርግላስ ማለትም ብርጭቆ ቃጫ ዘንግ የሆነው በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ካርቦን ቃጫ በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ በሚገኘው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ከተሻሻለ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ፌንዊክ የተባለው አሜሪካዊ አምራች ለዓሣ አጥማጁ ገበያ አወጣው። ብርጭቆ ቃጫ 70 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው፤ ከባድና ዝግተኛ ነው። ግን ከካርቦን ይልቅ ብዙ ይለጠጣል፣ ዓሣው ድንገት ሲፈናጠር ይከተለዋል፣ ቢጋጭም ይችላል። የተሻለ ቃጫ መጣ ማለት የቀድሞው ሥራ አጣ ማለት አይደለም።

ሌላው ውኃ አርባ ምንጭ ያለው ጫሞ ሐይቅ ነው። እዚያ የሚጠመደው ነጭ ዓሣ ወይም ናይል ፐርች እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ የሚችል ዝርያ ነው። አንድ ወንድማችን ባስ ለሚባለው ዓሣ ቨርጂኒያ የገዛውን ጫፈ ስስ ዘንግ ይዞ አርባ ምንጭ ወርዶ «ይሄ እኮ 800 ዶላር ነው» ቢል፣ ጀልባ ቀዛፊው «ጋሼ፣ ዓሣው ዋጋውን አልሰማም» ቢለው ትክክል ነው። እዚያ የሚፈለገው ወፍራም ግርጌ፣ ብዙ ንብርብር፣ መጠነኛ ሞጁለስ ያለው ዘንግ ነው። ርዝመቱም አይብዛ። ረጅም ዘንግ ራቅ አድርጎ ይወረውራል፤ ዓሣው ሲያዝ ግን ርዝመቱ የሚያግዘው ዓሣውን ነው፤ ክንድህ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ስለዚህ ጀልባ ላይ ሆነህ «ረጅሙን ውሰድ» ለሚልህ «ለእኔ ነው የምትሸጠው ወይስ ለዓሣው?» በለው።

«ቀለበቶቹ ቲታኒየም ናቸው፣ ውስጣቸው ሲሊከን ካርባይድ» ካለህ ዝም ብለህ ስማው፤ ሻጩ ልክ ነው። ጫፍ አካባቢ የሚጨመር እያንዳንዱ ግራም ዘንጉን ያዘገየዋል። በጥሩ ብላንክ ላይ ከባድ ቀለበትና ወፍራም ቫርኒሽ መጫን የተከፈለበትን ቅለት መልሶ መቀማት ነው። ቲታኒየም ደግሞ አይዝግም፤ ሲሊከን ካርባይድም ጠንካራ ስለሆነ የተጎነጎነ ክር አይሸረሽረውም።

«ስሙን አየኸው? የስም ዕቃ ነው!»

«ስሙ የተጻፈው ግርጌው ላይ ነው፤ ዓሣው የሚጎትተው ጫፉን ነው።»

«ዋስትናው ዕድሜ ልክ ነው!»

«የማን ዕድሜ? የእኔ፣ የዘንጉ ወይስ የድርጅቱ?»

ዋስትና ከዋጋው ውስጥ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ኦርቪስ የተባለው አሜሪካዊ አምራች ዝንብ በሚመስል ማባበያ ለሚጠመድባቸው ዘንጎቹ የ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ ጥሩ ነው። ግን መላኪያና ማስተናገጃ ስንት እንደሚጠየቅ፣ ካገር ውጭ ብትሆን ማን እንደሚያደርስልህ አስቀድመህ ጠይቅ። አዲስ አበባ ላይ ለተሰበረ ዘንግ የአሜሪካ ዋስትና ብዙ አይፈይድም።

«ዓሣው ሰበረው» የሚል ጓደኛም አይጠፋም። «ዓሣው ተጠርጣሪ ነው፤ የመኪናውን በር መርምር» በለው። ስስ ግድግዳ ያለው ካርቦን ዘንግ በእርሳስ ወይም በከባድ ማባበያ አንዴ ከተመታ፣ በዓይን የማይታይ ጉዳት ይይዝና ሌላ ቀን ትንሽ ዓሣ ላይ ይሰበራል። ሌላው የሚሰብረው ዓሣው እግርህ ሥር ሲደርስ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ሽቅብ ማንሣት ነው፤ ጭነቱ ሁሉ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ሱቅ ውስጥ ጫፉን በእጁ ይዞ ወደ ታች የሚያጎብጥልህን ሻጭም በዚሁ ምክንያት አስቁመው። ደግሞ ይህን ልብ በል፦ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መብረቅ ሲያንጎደጉድ፣ ወይም ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር፣ ዘንግህን አስቀምጠህ ራቅ።

እንግዲህ ሱቅ ስትሄድ ማጠንጠኛህን ይዘህ ሂድ። ክሩን በቀለበቶቹ ሁሉ አሳልፍ፣ አንድ ሰው ክሩን ይያዝልህ፣ አንተ እጀታውን ይዘህ ቀስ ብለህ ጫን። ጉብጠቱ ከጫፍ እስከ ግርጌ ሳይሰበር እንደ አንድ መስመር የሚወርድ ከሆነ፣ ጭነቱ ሲለቀቅም ጫፉ ወዲያው ጸጥ ካለ፣ ብላንኩ ጥሩ ነው። ገንዘብህ ሁለት መቶ ዶላር ብቻ ከሆነ መካከለኛ ቃጫ ያለው፣ በደንብ የተነደፈ ዘንግ ግዛ፤ የተረፈህን ለክርና ለመንጠቆ አድርገው። አጉብጥ አይቻልም የሚል ሱቅ ካጋጠመህ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂድ።