ይድረስ ለክቡር የሆቴል ሜኑ

ለክቡር የሆቴል ሜኑ
ካሉበት ጠረጴዛ
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ ዝርዝርዎ ላይ ስላልሰፈሩ የካፋ ምግቦች ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ስንገናኝ የላስቲክ ሽፋንዎ ጠርዙ ተገሽልጦ፣ ዋጋዎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ የተጻፈውም እንደገና ተሰርዞ፣ «ስፔሻል ክትፎ» እና «ክለብ ሳንዱች» በሚሉት መካከል የስጎ ጠብታ ደርቆብዎት ነበር ያገኘሁዎት። እንዲያም ሆኖ ግርማ ሞገስዎ አልተጓደለም። አስተናጋጁ እንደ ሹመት ደብዳቤ በሁለት እጁ አቀረበዎት፤ ልጆቼም ተሻሙብዎት።

እኔ የጅማ ነዋሪ ነኝ። ቅዳሜና እሁድን አስታክከን እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቻችንና አማቴ ሸቤን አልፈን፣ ጎጀብን ተሻግረን፣ በጊምቦ በኩል ቦንጋ የገባነው ለመብላት ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረንም። ሰው ወደ ባርታ ፏፏቴ ይሄዳል፣ የእግዜርን ድልድይ ያያል፤ እኛ ያለ ሃፍረት ሆዳችንን ተከትለን ሄድን። አማቴማ ከሳምንት በፊት ጀምረው ለጎረቤት ሁሉ «ካፋ ቆጮ ልበላ ነው» ብለው ተናግረዋል። ጉራጌ ናቸው፤ በቆጮ ቀልድ አያውቁም።

እርስዎ ግን ቀለዱ። ነገሩን «ሆድ ይፍጀው» ብዬ እንዳልተወው፣ ከሳሹ ራሱ ሆዱ ሆነ።

የመጀመሪያውን ችሎት ላስታውስዎት። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡዎት። ገልብጠውም አነበቡዎት፤ ከጀርባዎ የለስላሳና የቢራ ዝርዝር ብቻ ነው። ከዚያ አስተናጋጁን ጠሩት።

«የኔ ልጅ፣ ቆጮ አለ?»

«ቆጮ የለም እማማ። ክትፎ አለ።»

«ክትፎው በምን ይቀርባል?»

«በእንጀራ። ከፈለጉ በዳቦም ይሆናል።»

አማቴ ዝም አሉ። የእሳቸውን ዝምታ የምናውቅ ሁሉ ወደ ሳህናችን አቀረቀርን። ትንሽ ቆይተው በመስኮቱ በኩል ወደ ጓሮ አመለከቱ፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሰፋፊ ቅጠል ነፋስ ያወዛውዘዋል።

«ያስ ምንድን ነው?»

«እንሰት ነው እማማ።»

«ለምን ተተከለ?»

አስተናጋጁ አሰበበት። «ግቢውን ያሳምራል» አለ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህች አገር 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ የተመሠረተ ነው ይባላል። ዝናብ ሲቀር ጤፉም በቆሎውም ፊቱን ሲያዞር፣ እንሰት ጓሮ ቆሞ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ዓመታት ቢያልፉት ቅር አይለውም። ሴቶች ግንዱን ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከታትፉታል፣ በቅጠሉ ሸፍነው ጉድጓድ ውስጥ ያብላሉታል። ከፍቂው የሚጨመቀው ነጭ ዝቃጭ ቡላ ይሆናል፤ ሥሩ ሲቀቀል አምቾ ነው፤ ቃጫው ገመድ ይወጣዋል፤ ቅጠሉ ራሱ የምጣዱ ምንጣፍ ነው። ይህን ሁሉ ከሚሠራ ተክል እርስዎ ያገኙለት ሥራ የግቢ ማስዋብ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ የቦንጋ ጥፋት ብቻ አይደለም። እርስዎን ወልድያም፣ አሶሳም፣ አርባ ምንጭም አግኝቼዎታለሁ። የትም ቢሄዱ ያው ነዎት፦ ጥብስ፣ ቦዘና ሽሮ፣ ፓስታ በስጎ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ እና ማንም አዝዞት የማያውቅ «ፊሽ ጉላሽ»። አገሪቱ ለቱሪስት ራሷን «ምድረ ቀደምት» ብላ ታስተዋውቃለች፤ እርስዎ ግን የቀደመውን ሁሉ ከኋላ ጓዳ አስቀምጠው በስፓጌቲ ይቀበሉናል።

ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ የራሴ ግምት አለኝ። የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ሹም በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተያዙ በኋላ፣ ከተማ ማለት የሹሙ፣ የወታደሩና የነጋዴው ሰፈር ሆነ። የከተማ ምግብም የእነሱው ምግብ ሆነ፤ ቆጮ ገጠር ቀረ፣ እንጀራ አዳራሽ ገባ። በኋላ አስተማሪውም፣ ጸሐፊውም፣ የልማት ሠራተኛውም ደመወዙን ይዞ ሲመጣ የለመደውን አዘዘ። ተቀምጠው ያዘዙትን ጻፉ፤ ቆመው ያበሰሉትን ረሱ። የካፋ ዘውድ እንኳ በምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ፣ ዓመታት ቆይቶ ወደ አገሩ ተመልሷል። ቆጮ ከጓዳ ተነሥቶ እስከ እርስዎ ለመድረስ ይህን ያህል ዘመን ያቃተው ምን ዓይነት መንገድ ቢሆን ነው?

ወደ በጉ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ብዙ ትዕግሥት የለኝም። የቦንጋ በግ በአገሪቱ ስም ካላቸው የበግ ዝርያዎች አንዱ ነው። በአዲዮ ወረዳ ገበሬዎች ተደራጅተው፣ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልና ዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ተቋም ኢካርዳ እያገዟቸው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ አውራ በጉን በቁመቱ፣ በክብደቱና በዘሩ እየመረጡ ያራባሉ። ምርጡ አውራ ለዘር ወደ ሌሎች አካባቢዎች ይሸጣል። እርስዎ ላይ ግን «የበግ ጥብስ» ብቻ ነው የተጻፈው። ልጄ ለትምህርት ቤት ማስታወሻ ይሆነኛል ብሎ «የቦንጋ በግ ነው?» ሲል ጠየቀ። አስተናጋጁ ጥያቄው አልገባውም። «በግ ነው» አለ። ጣፋጭ ነበር፣ አልክድም፤ ሲበላ ግን ስም አልነበረውም።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ እመጣለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቡና አዘዝን። የምንገኘው የዱር ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ራሱ በሚያፈራበት አገር፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም በቆመበት ከተማ፣ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. ደኑን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ በመዘገበው ዞን ውስጥ ነው። አስተናጋጁ ሄዶ ተመለሰና እንዲህ አለ፦

«ቡና የለም፤ መብራት ጠፍቷል።»

ባለቤቴ ተሳስታ የሰማች መስሏት ድጋሚ ጠየቀችው። ትክክል ነው፤ ማኪያቶው በማሽን ነው የሚወጣው፣ ማሽኑ በመብራት ነው የሚሠራው፣ እርስዎም ከማኪያቶ ሌላ ቡና አያውቁም። ከእርስዎ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ አንዲት ሴት በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ከሰል አቀጣጥላ ትቆላለች፤ ጭሱ በመስኮት ገብቶ ፊታችን ላይ ተጠምዝዟል። ወጥተን ዱካ ላይ ተደረደርን። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ በረካው ላይ አማቴ ቆጮን ለጊዜው ይቅር አሉ። መብራቱ የመጣው ሁለተኛው ጀበና ሲወርድ ነው። ከውስጥ ማሽኑ ሲያፏጭ ተሰማን፤ ማናችንም አልተነሣንም።

በነገራችን ላይ ጌሻ የሚባለው ቡና ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ደን ወጥቶ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደርሶ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር ውድድር አሸንፎ ዓለምን ጉድ አሰኝቷል። ባሕር ማዶ ያሉ ባልደረቦችዎ ይህን ቡና ሲጽፉት ዝርያውን፣ እርሻውን፣ ከፍታውን ይዘረዝራሉ፤ ግጥም የሚጽፉም አሉ። እርስዎ ላይ ያለችው አንዲት ቃል ናት፤ «ማኪያቶ»። ለሻይም አላሰቡም፦ የውሽውሽ የሻይ እርሻ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ኮረብታውን ሁሉ አረንጓዴ አልብሶት ሳለ፣ «ሻይ» ብለው አለፉት።

እርስዎን ትተን ገበያ ወጣን። ኮረሪማው እንደ ደረቀ በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ጥምዙ ጥቁርና ጠማማ ሆኖ በእፍኝ ይሸጣል፤ ልጄ አንዱን ነክሶ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ግን አልተፋውም። ማር ነጋዴዋ ጣሳዎቿን ከፍታ ነጩን በአንድ ጣት፣ ጠቆር ያለውን በሌላ ጣት አስቀመሰችን። ነጩ የጌተም አበባ ነው፤ ጥቁሩ የግራዋ ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ መረር ይላል። ቀፎው ከረጃጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ንቧ ራሷ ትገባበታለች፤ ማሩን ለማውረድ ሰው በሌሊት ጭስ ይዞ ይወጣል። ይህ ማር አውሮፓ ድረስ ይሄዳል። እርስዎ ዘንድ ግን «ዳቦ በማርማላት» ነው ያለው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። በካፋ ለዘመናት ማንጆ የሚባሉ ወገኖች ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ አይቀርቡም ነበር። በሰው ቤት አይገቡም፣ የነኩት ዕቃ ይለይ ነበር። ነገሩ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ለቆጮው ምጣድ እንጨቱንና ከሰሉን ለገበያ በማቅረብ ከሚታወቁት ዋነኞቹ ግን እነሱ ናቸው። እርስዎ ቢያንስ በጽሑፍ ማንንም አይለዩም፤ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። ይህ መልካምነትዎ ነው፣ አላቃልለውም። በጽሑፍ ያለው በጠረጴዛው ዙሪያም መኖር አለመኖሩን ግን እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ የባለቤቴ የድሮ ጓደኛ እናት ቤት ተጋበዝን። ስለ እርስዎ ዝም እንዳልል ያደረገኝ የዚያ ቤት ነገር ነው፤ ምክንያቱም እዚያም ቀድመውን ደርሰው ነበር።

እትዬ ቆጮውን በጨርቅ ጨምቀው ውሃውን አስወጡት፣ ከተፉት፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ጠፈጠፉት፣ በቅጠሉ ሸፍነው ምጣዱ ላይ ጣሉት። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ቅጠሉ ሲለበለብና ሊጡ ሲበስል ያለው ሽታ እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም፣ እርስዎም አፍንጫ የለዎትም። አማቴ ኩርሲውን አስጠግተው ተቀመጡ፤ ስንት ወር ጉድጓድ ውስጥ እንደቆየ፣ ሥሩ ምን ያህል እንደተቀላቀለበት ጠየቁ። ሁለቱ ሴቶች እኛን ረስተው ስለ እንሰት ተነጋገሩ። ጎመንና አይብ መጣ፤ ኮረሪማና ጥምዝ የገባበት ቅቤ መጣ፤ የተቀቀለ ጎደሬ እንፋሎቱ እየወጣ መጣ፤ በስተመጨረሻ ነጩ ማር በጣባ።

ከዚያ ትንሿ ልጅ ከደጅ በፌስታል የተጠቀለለ እንጀራ ይዛ ገባች። ሮጣ ከሱቅ የገዛችው ነው። እትዬ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ይቅርታ ልጆቼ፣ የእንግዳ ምግብ ሳላዘጋጅ ደረሳችሁብኝ» አሉ።

ያን ሁሉ ካቀረቡ በኋላ ነው ይቅርታ የጠየቁት። ይህን ይቅርታ ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎት። እንግዳ የሚበላው እርስዎ የጻፉት ብቻ ነው ብለው ዝም ብለው ስላሳመኗቸው፣ አንዲት እናት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እጇ ሥራ ታፍራለች። አማቴ እንጀራውን ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ከነፌስታሉ ከጎናቸው አስቀመጡት። ስንነሣ እዚያው ነበር።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «ገበታ ለሸገር» ሲዘጋጅ የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ቀጥሎ በ«ገበታ ለሀገር» በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ክልል፣ በዳውሮና በኮንታ፣ ያማሩ ሎጆች ተሠሩ። ጥሩ ነው። እኔ የምለምንዎ ከ«ፊሽ ጉላሽ» በታች ሁለት ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ ስላለዎት፣ በዚያው በሰማያዊው እስክሪብቶ አንድ መስመር እንዲጽፉበት ነው። ቆጮ በአይብና በጎመን። ዋጋውን የሚጋግሩት ሴቶች ይናገሩ፤ ከማኪያቶ ቢበልጥም አንከራከርም። ቦታ ከተረፈ ማሩንም በአበባው ስም ይጻፉት።

ይህ እስኪሆን አማቴ የራሳቸውን ውሳኔ አሳልፈዋል፦ በሚቀጥለው ጉዞ ቆጮውን ከጅማ ጋግረው፣ በቅጠል ጠቅልለው ሊመጡ ነው፤ የሚያዙት ክትፎውን ብቻ ይሆናል። በርዎ ላይ ግን «ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አይቻለሁ። ስለዚህ ቦንጋ ላይ ቆጮ ከውጭ የገባ ምግብ ተብሎ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን ከጉዞአችን በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የተራበ ቤተሰብ ተወካይ

ግልባጭ፦
ለማኪያቶ ማሽኑ (መብራት ሲመጣ ይነበብለት)
ለአቶ ካልዲ፣ አድራሻቸው ስላልታወቀ በፍየሎቻቸው በኩል