«በከፍተኛ ሁኔታ»፦ ከሴቻ እስከ ሲቀላ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ እንግሊዝኛው «ድራማቲካሊ» የሚለው፣ የእኛ ሪፖርት ደግሞ «በከፍተኛ ሁኔታ» እያለ የሚተረጉመው ተውሳከ ግሥ አርባ ምንጭ ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው መመርመር ነው። የጥናቱ ስልት ቁጭ ብሎ መስማት ሲሆን በጀቱ የሁለት ስኒ ቡና ነው።

ከሥርወ ቃሉ እንጀምር። «ድራማ» ከግሪክ የመጣ ነው፤ መነሻው «ማድረግ» የሚል ግሥ ነው። አማርኛ ግን ቃሉን በቴሌቪዥን በኩል ስለተቀበለው «ድራማ ሠራብኝ» የሚል ሰው ስለ ሥራ አያወራም። ስለዚህ ኃላፊው «ድራማቲካሊ ተሻሽለናል» ሲል እንግሊዝኛ የገባው ያጨበጭባል፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አጨብጫቢው ነው።

«ከፍተኛ»ም የዋዛ ቃል አይደለም። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ በላይ ያለ መዋቅር ነበር፤ «ከፍተኛ ተጠርቻለሁ» ያለ ሰው ቤተሰቡን እንቅልፍ ይነሳ ነበር። መዋቅሩ ሲፈርስ ቃሉ ሥራ እንዳይፈታ ወደ ሪፖርት ተዛወረ። ዛሬ «በከፍተኛ ሁኔታ ጨመረ» እንደሚባለው ሁሉ «በከፍተኛ ሁኔታ ቀነሰ»ም ይባላል። ወደ ላይ መውረድ ማለት ነው።

ወደ መስክ እንውጣ። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እዚያ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ዶርዜን አልፎ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁል ጨርሶ አርባ ምንጭ፣ 1,285 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ በካርቶን ቁራጭ ያራግባል። ለውጥ ማለት ይህ ነው። ሆኖም በመንገዱ ሁሉ የተመዘገበው ንግግር «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» ብቻ ነው።

ተውሳከ ግሥ ያላስፈለገው አማርኛ ለውጡን ግሡ ውስጥ ስለሚጨምረው ነው። ሽቅብ የሄደ «አሻቀበ»፣ ቁልቁል የሄደ «አሽቆለቆለ» ይባላል፤ ድጋፍ አይሻም። ሴቻ ሰፈር ከላይ፣ ሲቀላ ከታች በሆኑባት ከተማ ይህን ለማስረዳት ባጃጅ ይበቃል። የከተማዋን ስም ያወጡትም «ምንጮች በከፍተኛ ሁኔታ የሚገኙባት» አላሏትም። አርባ አሏት።

ቃሉ በእርግጥ የሚገባበት ቦታ አለ። ነጭ ሣር ፓርክ በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ቆርኬን መጠበቅ ነበር፤ ዛሬ እዚያ ቆርኬ ማየት ብርቅ ነው። ሪፖርት ላይ ግን እንዲህ ያለው ጉዳይ «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» ከሚለው ንዑስ ርዕስ ሥር በአንድ መስመር ያልፋል።

በመጨረሻ ሲቀላ ገበያ ወርጄ አንዲት ሙዝ ሻጭ ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ሙዝ ተወደደ አይደል?»

«ነደደ እንጂ ልጄ!»

«ስንት ገባ?»

የትናንቱንም የዛሬውንም ዋጋ ነገሩኝ፤ ተውሳከ ግሥ አልጨመሩም። ቅናሽ ግን በምንም ሁኔታ አላደረጉልኝም።