ያልተጠራው ተከሳሽ

የእህቴ ልጅ ከኮሌጅ መታገዱን የነገረኝ የዶርም ጓደኛው ነው። «ጋሼ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ወጥቷል። ስልኩም አይሠራም። እንጦጦ ማርያም ጠበል እገባለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ» አለኝ። እናቱ ደሴ ናት። ደም ግፊት ስላለባት ወሬው ሳይደርሳት ልጁን ላገኘው ቆርጬ በማግስቱ በጠዋት ተነሣሁ።

ቀኑ 21፣ የማርያም ዕለት ነበር። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ድረስ ታክሲ አገኘሁ። ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣው ሁሉ ግን ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ነጠላ ከለበሰው ሕዝብ ጋር ዳገቱን በእግር ተያያዝኩት። ገና መንገዱን ሳላጋምስ ዝናብ ጣለ። ባሕር ዛፍ ሥር ብጠለልም ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ከዝናቡ አልተሻለኝም። አንዲት እናት ጃንጥላቸውን አካፈሉኝና «ምን ስለት አለብህ ልጄ?» አሉኝ። ልጅ ፍለጋ እንደምሄድ ስነግራቸው ስሙን ጠየቁኝ፤ ከዚያ እስከ ላይ ድረስ ስሙን እየጠሩ ሲማጸኑለት ሄዱ። እኒያን እናት ዛሬም አልረሳቸውም።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ በሰው ተጨናንቋል። ጉሙም ወርዷል። ጋቢ የተከናነበ ረጅም ወጣት ባየሁ ቁጥር ሮጬ ትከሻውን እይዛለሁ። አንዱ ደንግጦ ቢጫ ጄሪካኑን ለቀቀው፤ ጠበሉ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ ጠይቄ ብቀዳለት ብልም «ግድ የለም» ብሎ ተመልሶ ወረደ። በመጨረሻ አንድ ዲያቆን ጠበልተኞች ቦታ እየተከራዩ የሚያድሩባቸውን ቤቶች አመለከተኝ። ልጁን ጭቃ ቤት ውስጥ፣ ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ፣ ከማያውቃቸው ሕሙማን መካከል ተቀምጦ አገኘሁት።

አልተቆጣሁትም። ስልኩን አብርቶ ፎቶ አሳየኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የመታወቂያ ቁጥሮች ተደርድረውበታል። ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ለፊት «የፈተና ደንብ በመጣስ»፣ መጨረሻው ላይ «ለአንድ ዓመት ታግዷል» ይላል። ከግርጌው ክብ ማኅተምና ቲተር አለበት።

«ምን ሠርተህ ነው?»

«ከወንበሬ ሥር አጤሬራ ተገኘ። የኔ አይደለም አልኩ። ፈታኙ መታወቂያ ቁጥሬን መዘገበና ፈተናህን ጨርስ አለኝ።»

«ኮሚቴው ምን አለህ?»

«ማንም አልጠራኝም ጋሼ። ሰሌዳ ላይ ነው ያየሁት።»

ኩረጃ ይቅር የሚባል ጥፋት ነው አልልም። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር ኩረጃ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ለሁላችንም አሳይቶናል። የኮረጀ ይቀጣ። ግን መኮረጁ ይጣራ፤ ሲጣራም ልጁ ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማ።

ልጁን ይዤ ስወርድ ጉሙ ተገፍፎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ስድስት ኪሎ ከታች ይታይ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ቅጣት እዚያ ረጅም ታሪክ አላቸው። የካቲት 1957 ዓ.ም «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉ ተማሪዎች መሪዎቻቸው ከትምህርት ታገዱ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አጠገብ በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱ ወታደር ግቢው ገብቶ ተጨማሪ ደም ፈሰሰ። ከታኅሣሥ 1985ቱ የተማሪዎች ሰልፍ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። ሚያዝያ 1993 ዓ.ም ደግሞ የግቢው ፖሊስ እንዲወጣ፣ ማኅበራቸውና ጋዜጣቸው እንዲፈቀድ በጠየቁ ተማሪዎች ላይ ፖሊስ ገባ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ታሰሩ። የእህቴ ልጅ ጉዳይ ከእነዚህ ጋር የሚተካከል አይደለም። ሆኖም ተማሪን ሳያናግሩ መቅጣት ከየት እንደመጣ ሳስብ ከዚህ ሌላ አይታየኝም። መንግሥት ሲለዋወጥ ልማዱ ቢሮ ውስጥ ቀረ።

ሕጉማ ተለውጧል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት ተቋም በሰው ላይ ከመወሰኑ በፊት ባለጉዳዩን እንዲሰማ፣ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ቅር የተሰኘም ፍርድ ቤት ሄዶ ውሳኔውን ማስመርመር ይችላል። ሽሮ ሜዳ ሻይ ቤት ተቀምጠን፣ ልብሳችን ሳይደርቅ፣ ይህንኑ ጠቅሰን አቤቱታ ጻፍን።

አቤቱታውን ማስገባት ሌላ ዳገት ሆነ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ዘበኛው ልጁን መታወቂያው ስለተያዘበት አላስገባም አለ፤ እኔን ደግሞ ጉዳዩ የአንተ አይደለም አለኝ። ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን፤ በሌላ ቀን ደግሞ መስክ ወጥተዋል ተባለ። በመጨረሻ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አቤቱታውን አንብባ «ይሄማ መሰማት አለበት» አለችና ቁጥር ሰጥታ ኮፒው ላይ ማኅተም መታችልን። ያ ቁጥር ከተያዘ በኋላ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው።

ኮሚቴው ልጁን ጠራ። አጤሬራው ከፖስታ ወጣ፤ ሁለት ጣት የማይሞላ ወረቀት ነው፤ ፎርሙላ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጨናንቆ ተጽፎበታል። የልጁ የፈተና ወረቀት አጠገቡ ተቀመጠ። የልጁ ጽሕፈት ወደ ግራ ያጋደለ ነው፤ የአጤሬራው ቀጥ ያለና ደቃቅ። ፈታኙ ተጠየቀ፤ በዚያው ክፍል ጠዋት ሌላ ሴክሽን መፈተኑን፣ ወረቀቱ የማን እንደሆነም እንደማያውቅ እውነቱን ተናገረ። አከብረዋለሁ። ነገሩ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እገዳው ተነሣ።

ምዝገባው ግን አልፎ ነበር። ልጁ ያንን ሴሚስተር እቤቴ ተቀምጦ አሳለፈ።

ዲኖችና የኮሚቴ አባላት፣ ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ልጁን ጥሩትና ስሙት። እናንተም ተማሪዎች፣ ስትቀጡ ክሊራንስ ጨርሳችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ጠይቁ፤ አቤቱታችሁን መዝገብ ቤት ቁጥር አስይዙ፤ ኮፒውንም ከእጃችሁ አታውጡት።