ደም መጣጩና ዳኞቹ

አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመውን «ድራኩላ»ን፣ ማለትም ከመቃብሩ እየተነሣ የሰው ደም የሚመጥ የአንድ ቫምፓየር ታሪክን፣ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ1992 ወደ ፊልም ሲመልሰው የደራሲውን ስም በርዕሱ ላይ ስለለጠፈ፣ መጽሐፉን ያነበበውም ያላነበበውም ተመልካች ስለ ታማኝነቱ ሊፈርድ ችሎት ተቀመጠ። ከሁሉ የሚደንቀው ድራኩላ በቀን ብርሃን በለንደን ጎዳና ሲንሸራሸር አይቶ «መጽሐፉ ተደፈረ» የሚለው ወገን ነው፤ ምክንያቱም ስቶከር ራሱ ሰውዬውን በጠራራ ፀሐይ ፒካዲሊ ላይ ያቆመው ሲሆን፣ ፀሐይ ቫምፓየርን ትገድላለች የሚለውን ሕግ ያመጣው «ኖስፈራቱ» የተባለው የ1922ቱ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ነው። በአንጻሩ ፊልሙ በእርግጥ ከኪሱ የጨመረውን፣ ሚና የተባለችው ገጸ ባሕርይ የድራኩላ ሟች ሚስት ዳግም ልደት ናት የሚለውን የፍቅር ታሪክ፣ ይኸው የመጽሐፉ ጠበቃ የስቶከር መስሎት በእንባ ይቀበለዋል። የሽማግሌው ድራኩላ ጥላ ከባለቤቱ ተነጥሎ ግድግዳው ላይ እጁን ሲዘረጋ ያልከፋው ሁሉ፣ የተዋናዩ የኪያኑ ሪቭስ የእንግሊዝኛ አነጋገር ላይ ሲደርስ ግን «ይህስ አይታመንም» ብሎ በአንድ ድምፅ ይነሣል። የኦስካር ሸላሚዎች በበኩላቸው ለአልባሳቱ፣ ለሜካፑና ለድምፅ ቅንብሩ ሦስት ሽልማት ሰጥተዋል፤ ለድርሰቱ የሰጡት የለም።