ሁለገብ ጎማን አሳስቶ ስለ መገምገም፦ ለእንጅባራና ለዳንግላ የፒክአፕ ባለቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

ሁለገብ ጎማ፣ በገበያው አጠራር «ኦልቴሬን»፣ በአስፋልትም በፒስታም እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ፣ ጥርሱ ከአስፋልት ጎማ የጠለቀና የተራራቀ፣ ከጭቃ ጎማ ግን የተቀራረበ መካከለኛ ዓይነት ነው። ቢ.ኤፍ. ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1976 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት ጎማ ለቀላል ጭነት መኪኖች ካቀረበ ወዲህ ሌሎቹም አምራቾች ተከትለውታል፤ ዛሬም በአዊ ዞን የመሥሪያ ቤት ደብል ጋቢና የሚነዳውም፣ ድንች የሚጭነውም፣ የግንባታ ተቋራጩም እኩል ይመኙታል። ጎማውን በትክክል መገምገም የአየር መለኪያ፣ ማስታወሻ ደብተርና ቢያንስ አንድ ክረምት ስለሚጠይቅ፣ ይህ መመሪያ ያን ሁሉ ልፋት ለማይሻና ውጤቱን ጎማው ሳይገጠም ለወሰነ ገምጋሚ የሚበጀውን ሥርዓት ብቻ ያቀርባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈጸመው ወቅት መምረጥ ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷ የበረታ ከተማ በመሆኗ፣ ጎማው ምን እንደሚችል የሚታወቀው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው፤ ስለዚህ ገምጋሚው ሙከራውን በጥር ሊያደርግ ይገባዋል። በተለይም ጥር 23 ቀን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ፒክአፑን አሳጥቦ ሰው በሚበዛበት ማቆምና አላፊ አግዳሚው ስለ ጎማው የሚሰጠውን አድናቆት መመዝገብ ይመከራል። ፈረስ የሚያውቅ ገበሬ ፈረሱን በበዓል ጌጡ አይገዛም፤ ጥርሱን ገልጦ፣ ኮቴውን አንስቶ፣ ጋልቦ ካየ በኋላ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው። የጎማ ገምጋሚ ግን ከዚህ ልማድ በብርቱ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጎማውን ጎን የማንበብ፣ ይልቁንም አሳስቶ የማንበብ ጥበብ ነው። በጎኑ ላይ ከታተሙት ምልክቶች መካከል አራት አኃዞች ያሉት የምርት ጊዜ ቁጥር ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። «1517» የሚል ጎማ በ2017 እ.ኤ.አ. በ15ኛው ሳምንት፣ ማለትም በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የተመረተ ነው። ገምጋሚው ግን አምራቹ የሚቆጥረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነ አድርጎ በመውሰድ «የ2017 ምርት ነው» ብሎ ቢደመድም፣ በአንድ ንባብ ስምንት ዓመት ያህል የጎማ ዕድሜ ያተርፋል፤ ጎማው በመጋዘን ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ የቆየ ቢሆንም ሻጩ ይህን ስሌት አይቃወምም። አንዳንዱ ጎማ ደግሞ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በመካከሉ የአመዳይ ቅንጣት የሚያሳይ ሥዕል አለው። ሥዕሉ ጎማው በአመዳይ በተሸፈነ መንገድ ላይ ተፈትኖ ማለፉን ስለሚያመለክት ለአዊ መንገዶች የሚነግራቸው ነገር እምብዛም ነው፤ ሆኖም ተራራውን አይቶ «ይህ ለደጋ የተሠራ ነው» ማለትና ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ከሥርዓቱ ጋር ይስማማል።

የአየር ግፊትን በሚመለከት፣ አነስተኛ ልምድ ያለው ገምጋሚ ጎማውን በእርግጫ ይለካዋል፤ የበለጠ የተማረው ደግሞ በጎማው ጎን ላይ የታተመውን ከፍተኛ ግፊት ያገኝና፣ ቁጥሩ መታለፍ የሌለበት ወሰን መሆኑን ትቶ እስከዚያ ድረስ ያስነፋል። ለመኪናው የሚስማማው ግፊት በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ቢገኝም፣ ወረቀቱ በአቧራ ስለሚሸፈን እንደሌለ መቁጠር ይቻላል። ከባሕር ዳር እንደተደረሰ፣ ጎማው በጉዞ እንደ ሞቀ ጎሚስታ ዘንድ ማስለካት ደግሞ ከሁሉ የላቀው ስልት ነው፤ 32 ፒኤስአይ የሚያስፈልገው ጎማ ሲሞቅ 37 ቢያነብ፣ አምስቱን አስተንፍሶ ወደ ቤት መሄድ በማግስቱ በእንጅባራ የጠዋት ብርድ ወደ 27 የወረደ ጎማ ያስገኛል። እንዲህ ያለው ጎማ በሁለቱ ጠርዞቹ ቶሎ ያልቃል፣ ከልክ በላይ የተነፋው ግን በመሀሉ፤ ሁለቱንም «የፋብሪካ ችግር» ብሎ መመዝገብ ይገባል።

መጠኑን ከፍ ማድረግ ለተሳሳተ ግምገማ እጅግ ለም መሬት ነው። 265/65አር17 በሚለው መለያ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ፣ «አር» የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉ መሆናቸው፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ገምጋሚው መኪናው ግርማ እንዲያገኝ 265/70አር17 ቢያስገጥም፣ የጎማው ዲያሜትር ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም በመቶ ሦስት ተኩል ያህል ይጨምራል። ጎማው በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ቆጣሪው ያንን ትርፍ አያውቀውም፤ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ጉዞ 116 ብሎ ይቆጥረዋል፣ 80 የሚል የፍጥነት ንባብም በእውነቱ 83 ይጠጋል። ስለዚህ ናፍጣውን በቆጣሪው ኪሎ ሜትር የሚያካፍል ገምጋሚ ጎማው ከሚበላው በላይ ነዳጅ እንደበላ ያገኛል። ከባድ ጎማ በእርግጥ ፍጆታ ይጨምራል፤ ነገር ግን ምን ያህሉ ከጎማው፣ ምን ያህሉ ከቆጣሪው እንደመጣ መለየት ይህን መመሪያ ያፈርሰዋል።

ወደ ጭቃው ስንመጣ፣ ከአዲስ ቅዳም ወደ ዲከረንስ ተክሎች የሚገቡት መንገዶች በነሐሴ ቀዩ አፈር እንደ ሊጥ ሲሆን ጥሩ መሞከሪያ ናቸው። ሁለገብ ጎማ እዚህ የሚሸነፈው ጥርሱ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ የሚያጣብቀው አፈር በጥርሶቹ መካከል ተጠቅጥቆ ሲቀር ጎማው ከላይ ሲታይ ልሙጥ ይሆናል፣ አፈሩን አሽቀንጥሮ የሚያወጣ ሰፊ ክፍተትም ያለው የጭቃ ጎማ ነው። ገምጋሚው ግን መኪናው እንደቆመ ሾፌሩ ፎርዊል አስገብቶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር አይጽፍም። የመንደሩ ወጣቶች ከጎማው ሥር የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጎዝጉዘው፣ ፓራፋንጎው እስኪጎብጥ ገፍተው ቢያወጡት፣ ውጤቱ በጎማው ስም ይመዘገባል፤ ለወጣቶቹ የተከፈለው ገንዘብ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ይያዛል።

ሁለት ጎማ ብቻ የመግዣ ገንዘብ ያለው ሰው አዲሶቹን ሰው በሚያያቸው ከፊት፣ ያለቁትን ከኋላ ይግጠም፤ ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል በመሆኑ በእርጥብ መንገድ መጀመሪያ የሚንሸራተተው ኋላው ነውና፣ የመሽከርከሩ ልምድ አይቀርበትም። ግምገማውን በባዶ መኪና ጀምሮ አሥር ኩንታል ድንች ሲጭን መጨረስና ሁለቱን ማነጻጸርም የተፈቀደ ነው።

አንድ ሙከራ ብቻ በፍጹም መደረግ የለበትም፤ እርሱም በዝናብ በረጠበ አስፋልት ላይ ፍሬን ይዞ የሚቆምበትን ርቀት መለካት ነው። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል በየቀኑ የሚመላለስ ፒክአፕ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በዚያው አስፋልትና በከተማው ኮብልስቶን ላይ ሲሆን፣ ሁለገብ ጎማም በእርጥብ አስፋልት ላይ በአብዛኛው ከአስፋልት ጎማ ዘግይቶ ይቆማል። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ገምጋሚ ለጭቃው የከፈለውን ዋጋ እንደገና ማሰብ ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ ከፊቱ ባጃጅ ድንገት እስክትቆም ድረስ ባያውቀው ይሻለዋል።

ይህን ሥርዓት ሁሉ መከተል የሚከብደው አንባቢ ካለ፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለውን ወረቀት ጠርጎ ያንብብ፤ ጎማውንም በጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ያስለካ።